ብርቱካንና ፖርቱጋል ምን አገናኛቸው?

«ብርቱካን» የሚለው ቃል ከ«ብርቱ» የመጣ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የአገር ስም ነው፣ ያውም የፖርቱጋል!

ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ነው። ዐረቦች ፍሬውን «ቡርቱቃል»፣ አገሩን ደግሞ «ቡርቱጋል» ይሉታል፤ ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ል» ወደ «ን» ስትለወጥ የኛው ብርቱካን ቁጭ ይላል። ቱርኮችም «ፖርታካል»፣ ግሪኮችም «ፖርቶካሊ» ነው የሚሉት።

ፍሬው ግን የፖርቱጋል ተወላጅ እንዳይመስላችሁ። መነሻው እስያ፣ ቻይና አካባቢ ነው። ጣፋጩን ዓይነት ከ15ኛውና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በንግድ በሰፊው ካሰራጩት ዋነኞቹ ፖርቱጋሎች ስለነበሩ ስማቸው ፍሬው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ደቾች በበኩላቸው «የቻይና ፖም» ይሉታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ የነሱ ስም ለእውነቱ ይቀርባል።

«ኦሬንጅ»ስ? እሱ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ናራንጋ»፣ በፋርስኛ «ናራንግ»፣ በዐረብኛ «ናራንጅ»፣ በስፓኒሽ «ናራንሃ» እያለ ተጓዘ። የፊቷ «ን» የት ገባች ካላችሁ፣ ጣሊያኖች «አንድ» ለማለት ከስሙ በፊት «ኡና» ይላሉ። «ኡና ናራንቻ» ቶሎ ቶሎ ሲባል ሁለቱ «ና»ዎች ተዋጡና «ኡናራንቻ» ሆነ፤ ከዚያ ሰው ፍሬውን «አራንቻ» ብሎ ለየው። ዐረብኛ ውስጥ ሁለቱም ቃላት ዛሬም አሉ፦ «ናራንጅ» መራራው፣ «ቡርቱቃል» ጣፋጩ።

በጣም የሚገርመኝ ግን ፖርቱጋሎች ራሳቸው ፍሬውን በአገራቸው ስም አይጠሩትም። «ላራንዣ» ነው የሚሉት፣ ያው ከ«ናራንጅ» የመጣ።