ያቺ ትንሽ ጭረት፦ ስለ ስፓኒሽ አክሰንት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስፓኒሽ የጀመረ ሰው ቶሎ ዓይኑ ውስጥ የምትገባው አናባቢ ላይ የምትቀመጠው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ጭረት ናት። ባለቤቶቹ «ቲልዴ» ይሏታል። ስለሷ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«ጌጥ ናት፤ ብትቀርም ሰው ይገባዋል»

«ፓፓ»ን እንይ። መጨረሻው ላይ ጭረት ካለ አባባ ነው። ከሌለ የሮማው ጳጳስ፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ድንችም ነው። ለአባታችሁ «ውድ ፓፓ» ብላችሁ ጭረቷን ከረሳችሁ ደብዳቤው ለቫቲካን ሆነ ማለት ነው። «አብሎ» ያለ ጭረት «እናገራለሁ» ነው፤ «ሎ» ላይ ስትወጣበት «ተናገረ»። ሰውየውም ጊዜውም ተቀየረ።

ይሄ ጣጣ ለእኛ አዲስ አይደለም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ገምተን ነው የምናነበው። ስፓኒሽ ከግምት ገላግሎናል።

«እንግዲያው ጭረት ያለበትን ማጥበቅ ነው»

ይሄ የእኛ ሰው ስህተት ነው። እኔም የ«ፓፓ»ን ሁለተኛ «ፓ» ጥብቅ አድርጌ ስል ከርሜያለሁ። የሚጠብቀው ተነባቢ ነው፤ በስፓኒሽ የሚጎላው ግን አናባቢው ነው፣ ትንሽም ረዘም ይላል። ፈረንሳይኛ የነካካ ሰው ደግሞ የአናባቢው ድምፅ የሚለወጥ ይመስለዋል። አይለወጥም።

«የት እንደምትወጣ መሸምደድ ነው እንጂ ሕግ የለውም»

አለው፤ ያውም አጭር። ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ የሚጎላው ከመጨረሻው በፊት ያለው ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባለው የቃሉ ቁራጭ) ነው፦ «ካሳ» (ቤት) ሲባል «ካ» ይጎላል። በሌላ ተነባቢ ካለቀ የመጨረሻው ይጎላል፦ «ኦስፒታል»። ጭረቷ የምትመጣው አነባበቡ ከዚህ ሲያፈነግጥ ነው። «ካፌ» በአናባቢ አልቆ መጨረሻው ስለሚጎላ ጭረት አለው። ከመጨረሻው ሦስተኛው ቀለም ከጎላማ ሁሌም አለች፦ «ሜዲኮ» (ሐኪም)፣ «ቴሌፎኖ»።

«ማሪያ» ለብቻዋ ናት። እዚያ ጭረቷ «ኢ»ንና «አ»ን ታለያያለች። ባትኖር «ማርያ» ተብሎ ይጠቀለልና «ማ» ይጎላ ነበር።

«አንዴ ጭረት ያለው ቃል ሁሌም አለው»

«ካንስዮን» (ዘፈን) አለው። ሲበዛ «ካንስዮኔስ» ይሆናል፤ ጭረቷም ትወርዳለች። «ሆቬን» (ወጣት) ደግሞ የለውም፤ ሲበዛ «ሆቬኔስ» ብሎ «ሆ» ላይ ያወጣል። የጎላው ቀለም ከቦታው አልተነቃነቀም። የረዘመው ቃሉ ነው፤ ሕጉን እንደገና አስሉት።

«በትልቁ ፊደል ላይ አይደረግም»

ይህን ስፔኖችም ይሉታል። የታይፕ መኪና ዘመን ቅሪት ነው። የስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚ ግን በትልቁም ፊደል ግዴታ ነው ይላል።

«የኤኜ ሞገድም አክሰንት ናት»

ኤኜ (ñ)፣ አናቷ ላይ ሞገድ ያላትና «ኝ» ተብላ የምትነበበው፣ ራሷን የቻለች ፊደል ናት። «አኞ» ዓመት ነው። ሞገዷን ጥላችሁ «ዕድሜህ ስንት ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ዓመቱ በጨዋ ሰው ፊት ወደማይጠራ የሰውነት ክፍል ይለወጣል።

«ባለቤቶቹ አንድ ጊዜ ተስማምተው ጨርሰውታል»

«ሶሎ» «ብቻውን»ም ነው፣ «ብቻ»ም። ድሮ ሁለተኛውን በጭረት ይለዩት ነበር። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2010 አያስፈልግም ሲል ብዙ ደራስያን እምቢ አሉ። በ2023 ደግሞ፣ አሻሚ ሆኖ የታየው ጸሐፊ ማድረግ እንደሚችል ግልጽ አደረገ። «ትራባኻ ሶሎ ሎስ ዶሚንጎስ» ሲባል፣ ሰውየው እሑድ እሑድ ብቻውን ነው የሚሠራው ወይስ የሚሠራው እሑድ ብቻ ነው?