ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሜቴን የሚቀይረው የኒኬል ካታሊስት

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኒኬል ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ ሜቴንና ውሃ እንደሚሆን ፖል ሳባቲዬና ዣን-ባቲስት ሳንደረን በፈረንሳይ ቱሉዝ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ለአንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት ሞል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፤ 165 ኪሎጁል ያህል ሙቀትም ይወጣል። ዛሬ ጉዳዩ እንደገና የተነሳው ከነፋስና ከፀሐይ የተረፈውን ኤሌክትሪክ በጋዝ መልክ ለማከማቸት ሲባል ነው። ጀርመን ቬርልቴ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው የአውዲ ፋብሪካ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ሩቴኒየም የተባለው ውድ ብረታ ብረት ከኒኬል ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት ይሠራል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ኒኬል ርካሽ ቢሆንም ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብዙም አይነቃም። ሙቀቱ ከ450 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የሜቴኑ ምርት እየቀነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ የማሻሻሉ ሥራ በአብዛኛው ኒኬሉ በ300 ዲግሪ አካባቢ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

የተለመደው አዘገጃጀት ማስረግ ነው፤ ይህም የተሟሟ የኒኬል ጨውን ቀዳዳ ባለው መደገፊያ ውስጥ ማስገባት ነው። 15 በመቶ ኒኬል ያለው 10 ግራም ካታሊስት ለማግኘት 8.5 ግራም አሉሚና (መደገፊያ የሚሆነው አሉሚኒየም ኦክሳይድ) እና 7.4 ግራም ያህል ስድስት ውሃ ያዘለ የኒኬል ናይትሬት ይበቃል። ይህ የኒኬል ጨው በውሃ ይሟሟና የአሉሚናው ቀዳዳዎች በሚይዙት መጠን ብቻ ጠብ እያለ ይጨመራል። የኒኬሉ መጠን ብዙ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከፍሎ፣ በመሃል በ110 ዲግሪ እያደረቁ መጨመር ይሻላል፤ በአንዴ የፈሰሰ ወፍራም ብጥብጥ ሲደርቅ ወደ ጠርዝ ይሰበሰብና ኒኬሉ ይጓጉላል። ቀጥሎ በ400 ዲግሪ ይቃጠላል፤ ቡናማ ጭስ የሚመስለው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መርዛማ ስለሆነ በጋዝ መምጠጫ ሥር ይሠራል። ዱቄቱ ወደ ግራጫ ወይም ጥቁር ሲያደላ ጥሩ ነው። ሰማያዊ ካለ ግን በከፍተኛ ሙቀት ኒኬሉ ከአሉሚናው ጋር ተዋህዶ ስፒኔል የሚባል ጠንካራ ውህድ ሆኗል ማለት ነው፤ እሱን በሃይድሮጅን ወደ ንጹሕ ኒኬልነት ለመመለስ ከ700 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል።

ኒኬሉን መጨመር ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ የሚበልጠው መደገፊያውን መለወጥ ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ በገጹ ላይ ኦክስጅን የጎደለባቸው ቦታዎች ስላሉት ካርቦን ዳይኦክሳይድን እዚያ ይይዛል። ማግኒዚየም ወይም ላንታነም ኦክሳይድ አሲዳማውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚስቡ የቤዝነት ጠባይ ያላቸው ነጥቦችን ይጨምራል፤ የኒኬል ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዳይገናኙም ይረዳል።

ካታሊስቱን በብዛት የሚገድለው የራሱ ሙቀት ነው። ጋዙ ወደ ካታሊስቱ በሚገባበት አካባቢ ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ሊዘል ይችላል፤ በ590 ዲግሪ አካባቢ ቅንጣቶቹ ተንቀሳቅሰው ይጣበቃሉ። ስለዚህ የካታሊስቱ ንጣፍ ሙቀትን ከሚያሰራጨው ከሲሊከን ካርባይድ ጋር ይቀላቀላል፣ ወይም የወጣው ጋዝ በከፊል ተመልሶ ይገባል። ከባዮጋዝ የሚመጣ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጥቂቱ እንኳ ኒኬሉን ስለሚያደነዝዝ፣ በፊት በዚንክ ኦክሳይድ ይጸዳል። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት ጋዝ ከ200 ዲግሪ በታች እንዳይነካው፣ ከዚያ በፊት በናይትሮጅን ይታጠባል፤ አለበለዚያ ኒኬል ካርቦኒል የሚባል እጅግ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፣ ኒኬሉንም ጠርጎ ይወስዳል። ካታሊስቱ በአየር ላይ ከመከፈቱ በፊት 1 በመቶ ያህል ኦክስጅን በያዘ ናይትሮጅን ገጹ ቀስ ብሎ በስስ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ በሃይድሮጅን ወደ ንጹሕ ኒኬልነት የተመለሰ ደቃቅ ኒኬል አየር ሲያገኝ ራሱ ይቀጣጠላልና።