«አይዳሆ ስቶፕ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ሥር አንድ ልጅ ከነሳይክሉ ቆሞ አየሁ። ከኋላው የዳቦ ሳጥን በጎማ ቁራጭ ታስሯል። ትራፊኩ ነው ፊሽካ ነፍቶ ያስቆመው።

«እጄን አላየህም?»

«አይቻለሁ ጋሼ። ከቆምኩ ዳገቱ ላይ አልነሳም ብዬ ነው።»

ባለባጃጅ ቢሆን መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ክስ ይጽፍለት ነበር። ከዚህ ልጅ ግን ምን ይቀበለዋል? መንጃ ፈቃድ የለው፣ ታርጋ የለው። ተቆጣውና ለቀቀው።

የልጁ መልስ ማመካኛ ሊመስል ይችላል። ግን ማርሽ የሌለው ሳይክል ላይ ጭነት ጭኖ የሞከረ ያውቀዋል። መኪና ለመነሳት ነዳጅ መርገጥ ይበቃዋል። ሳይክል ነጂ ግን ከዜሮ የሚነሳው በጉልበቱ ነው፤ እስኪነሳም መሪው ይወላገድበታል።

አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ የምትባል ግዛት እ.ኤ.አ. በ1982 ለሳይክል ነጂዎች የተለየ ሕግ አወጣች። «ቁም» የሚለው ምልክት ጋ ሲደርሱ እንደ «ቅድሚያ ስጥ» ይቆጥሩታል። ቀዝቀዝ ብለው ያያሉ፤ ማንም ካልመጣ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ቀይ መብራት ላይ ደግሞ መብራቱን እንደ «ቁም» ምልክት ነው የሚያዩት፦ መጀመሪያ ይቆማሉ፣ መንገዱ ነጻ ከሆነ አረንጓዴ ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። አይዳሆ ስቶፕ የሚባለው ይኸው ነው።

የሚገርመው፣ ነገሩ የተጀመረው ለሳይክል ነጂ ጉልበት ታዝኖ አይደለም። የትራፊክ ሕጉ ሲከለስ ዳኞች ፍርድ ቤቱ በሳይክል ጥቃቅን ክሶች እንዳይጨናነቅ ሰጉ። ሐሳቡን ያቀረበው የግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች አስተዳዳሪ ካርል ቢያንኪ ነበር። (ስሙ ከጣሊያኑ የሳይክል ብራንድ ጋር መግጠሙን እኔ አልፈጠርኩም።) ከዚያ በኋላ ሌላ ግዛት እስኪከተላት ብዙ ዓመት ፈጀ። ዴላዌር እ.ኤ.አ. በ2017 ስትቀበለው «ቁም» ምልክቱን ብቻ ወስዳ ቀይ መብራቱን ተወችው። ፓሪስ ደግሞ መብራቱ ሥር ትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ትሰቅላለች፤ ቢጫ ሳይክልና ቀስት አለበት። ምልክቱ ባለበት ብቻ፣ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይክል ነጂ በቀይ ማለፍ ይችላል። እኔ ከሁሉም የፓሪሱን እመርጣለሁ፤ የቱ መስቀለኛ ላይ እንደሚፈቀድ በዓይን ይታያል።

ሰው የሚስተው ግን አንድ ነገር አለ። «ቅድሚያ ስጥ» ማለት «እለፍ» ማለት አይደለም። ቅድሚያው የሌላው ነው፤ እግረኛ ከገባ ሳይክል ነጂው የመቆም ግዴታ አለበት። ፈቃዱ መብራትንና ምልክትን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ካስቆመ ያው መቆም ነው። ያ ልጅ አይዳሆም ቢሆን ከቁጣው አያመልጥም ነበር።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም፤ ቀይ ለሁሉም ቀይ ነው። በተግባር ግን የሕጉን ግማሽ ሳናውቀው እየሠራንበት ነው። ጅማ መስቀለኛ ላይ ሳይክሉም ባጃጁም በዓይን ይነጋገራል፤ ክፍት ከመሰለው ይገባል። ማለፉን ችለንበታል፤ የጎደለን ቅድሚያ መስጠቱ ነው። ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት መሃል አስፋልት ላይ ስትደርስ ፍሬን የሚይዝላት ጥቂት ነው። ሳይክል ድምፅ ስለሌለው ደግሞ አጠገቧ እስኪደርስ አትሰማውም። ሕጉ ነገ ይምጣ ቢባል እኔን የሚያሳስበኝ የእሷ ነገር ነው።

ልጁ እንደፈራው አልተነሳለትም። ሁለቴ ሞከረ፣ ሳጥኑ ወደ ግራ አዘነበለበት። ወርዶ ዳገቱን እየገፋ ወጣው።