የቪዲዮ ፕሮሞሽን በባሕር ዳር

የቪዲዮ ፕሮሞሽን በባሕር ዳር ሲባል፣ በከተማዋና በጣና ዙሪያ የሚቀረጹ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ተፈልገው እንዲገኙ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ማለት ነው። ርእስ ማውጣት፣ ተምኔል (ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት የሚታየውን ሥዕል) መሥራት፣ መግለጫ መጻፍ፣ የሚለቀቅበትን ሰዓት መምረጥና ሊንኩን ማዳረስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ብቻ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ አንሺው፣ ኤዲተሩና የቻናሉ ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይቀርጻል፣ በሳምንቱ መካከል ደግሞ የራሱን ቻናል ያስተዳድራል።

ዳራ

ከኢንተርኔቱ በፊት ቪዲዮ የሚዳረሰው በሲዲ፣ ኋላም ሚሞሪና ፍላሽ በሚሞሉ ሱቆች በኩል ነበር።

ባሕር ዳር ግን ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አልመጣችም። የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቷል። በኋላ ከመምህራን ማሠልጠኛው አካዳሚ፣ ማለትም ሁላችንም «ፔዳ» ከምንለው፣ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከፖሊ የኮምፒውተሩን፣ ከፔዳ የቋንቋውን ሰው ማግኘት ይቻላል፤ አንድ ቻናል ከሁለቱም በላይ የሚፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ዋና መሥሪያ ቤትና የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም እዚሁ ናቸው። ካሜራ፣ ድምፅና መድረክ የለመደ ሰው በከተማዋ የማይጠፋውም በእነዚህ ቤቶች ምክንያት ነው።

የዩቲዩብ አሠራር

ዩቲዩብ በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ቪዲዮ በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ተጫነበት። በዓመቱ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለፕሮሞሽን ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የ2012 እ.ኤ.አ. ለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ቪዲዮን ወደፊት የሚያመጣው የተከፈተበት ብዛት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለው ክብደት አገኘ። ከፍቶ ወዲያው የሚወጣ ተመልካች ለቪዲዮው ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ሆነ። «ጉድ ፈላ» የሚል ርእስ ለጥፈው ውስጡ ባዶ የሆነ ቪዲዮ የሚለቁ ቻናሎች ሁለት ሳምንት ሞቅ ብለው የሚቀዘቅዙት አንድም በዚህ ነው።

የኩባንያው መሐንዲሶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ዩቲዩብ ለተመልካች ቪዲዮ የሚመርጥበት ምክረ ሐሳብ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከሚሊዮኖቹ መካከል ለአንድ ተመልካች ይሆናሉ የተባሉ በመቶ የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ይለያሉ፤ ቀጥሎ እነዚያ በደረጃ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ቪዲዮ የሚገኘው በሁለት በር ነው፤ አንዱ ተመልካቹ ራሱ ጽፎ የሚፈልግበት፣ ሁለተኛው መድረኩ (ዩቲዩብ) በራሱ የሚያቀርብበት። አዲስ ቻናል ሁለተኛው በር በቶሎ አይከፈትለትም፤ መድረኩ ማን እንደሚወደው ገና አላወቀም። በጀማሪ እጅ ያለው የመጀመሪያው በር ነው፣ ቁልፉም ቃል ነው።

ርእስ እስከ 100፣ መግለጫ እስከ 5,000 ፊደል ይይዛል። እዚህ ላይ ግእዙ ፊደላችን ይጠቅመናል፤ «ባሕር ዳር» ከነክፍት ቦታው 6 ሲሆን በላቲን ፊደል ሲጻፍ 9 ይፈጃል። ነገር ግን ፊደሎቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ስልክ ላይ ርእሱ ቶሎ ይቆረጣል። «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች ዛሬ ደግሞ» ተብሎ የተጀመረ ርእስ፣ ዋናው ነገር ሳይታይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የቦታው ስም መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት።

ተምኔልን በተመለከተ መድረኩ የሚመክረው መጠን 1280 በ720 ፒክስል ነው። ከቻናሎችና ቪዲዮዎች ግማሽ ያህሉ፣ ተምኔላቸው ከታየ 100 ጊዜ ውስጥ ከ2 እስከ 10 ጊዜ ብቻ እንደሚነካ የዩቲዩብ የእገዛ ገጽ ይናገራል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ 4 ከመቶ አይቶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ያለው ግን በመካከለኛው ሜዳ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ተምኔል ጭኖ ማወዳደር ይቻላል። የባሕር ዳር ቪዲዮዎች ተምኔል አንድ የጋራ ችግር አለበት፤ ውሃ፣ ዘንባባ፣ ሰማይ። ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። በአውራ ጣት ልክ በሚታይ ሥዕል ላይ ከሰፊው ሐይቅ ይልቅ የታንኳ ቀዛፊው ፊት ይሻላል።

ረጅም ቪዲዮን መዝለል እንዲመች በመግለጫው ውስጥ ምዕራፍ ማስገባት ይቻላል። የመጀመሪያው በ00:00 መጀመር፣ ምዕራፎቹም ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፤ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። የሁለት ሰዓት የበዓል ቪዲዮ የሚለቁ ቻናሎች ይህን ቢያደርጉ ወላጆቻችን ስንት ድካም በቀረላቸው።

የፊደል ጣጣ

የአማርኛ ቪዲዮ ተፈልጎ እንዳይገኝ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከሌላው ከተማ ይከፋል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በንግግር አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ማሽኑ ሌላ ካልተነገረው በቀር ሀ እና ሐ እንደ በ እና ከ ሁለት ናቸው። አሁን የአካባቢውን ስሞች ተመልከቱ፤ ባሕር፣ ሐይቅ፣ ዓባይ፣ ዓሣ፣ ምሕረት፣ ሥላሴ። አንድም ከጣጣው ያመለጠ የለም። «የዓባይ ዓሣ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ቢያንስ በስምንት መንገድ ሊጻፉ ይችላሉ። የሐይቁ ጠላት የሆነው አረም እንኳ «እምቦጭ» እና «እንቦጭ» እየተባለ ነው የሚጻፈው። ፏፏቴውም ጢስ ዓባይ፣ ጭስ አባይ፣ ጢስ እሳት ይባላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ የከተማዋ ስም መካከል ላይ «አይ» የሚያስገባም «ኤ» የሚያስገባም አለ።

ስልክ ላይ በችኮላ የሚጽፍ ሰው ቀድማ የምትመጣለትን «ሀ» ነክቶ ያልፋል። ቻናሉ ደግሞ «ሐይቅ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ ይተላለፋሉ።

ፋሲሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ኤዲተር ያደረገውን አይቻለሁ። ስልኩ ማስታወሻ ላይ የከተማዋን ስም በአራት መልክ አስቀምጧል፤ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ከሥሩ የሐይቁን፣ የወንዙንና የገዳማቱን ስም እንዲሁ ደርድሯል። ቪዲዮ በጫነ ቁጥር ገልብጦ ታግ ውስጥ፣ ማለትም ለፍለጋ ተብለው ከቪዲዮው ጋር በሚጻፉ ቃላት ቦታ፣ ይለጥፋል። ለራሱ ያወጣው ዘዴ ነው፣ ትክክልም ነው። ታግ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው የዩቲዩበሮች ዋና ክርክር ሲሆን፣ መድረኩ ራሱ ሚናው ትንሽ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ ለይቶ ያነሳል፦ ሰዎች በተለምዶ አሳስተው የሚጽፉት ቃል ሲኖር። ለእኛ እንግዲህ ያ ልዩ ሁኔታ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። የታጉ ቦታ በድምሩ 500 ፊደል ይይዛል፣ ለአራቱም መልክ ይበቃል። መግለጫው ውስጥ ግን ታግ መደርደር በደንቡ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሌላውን አጻጻፍ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር መካከል ማስገባት ይሻላል።

በርእሱ ላይ የትኛው ይጻፍ የሚለው ግን አልተቋጨም። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ተመልካቾች «አሳ» የሚል ርእስ ሲያዩ ኮሜንት ላይ ይገሥጻሉ፤ ኤዲተሮቹ ደግሞ «ሰዉ የሚፈልገው በዚህ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን ያለው ምክንያት ቀላል አይደለም። እኔ በርእሱ ላይ የግእዙን ሥር ጠብቆ፣ የቀረውን ለታግ መተው ይሻላል እላለሁ፤ የሐይቁ ደሴቶች የብራና መጻሕፍት ጠብቀው ባቆዩባት አገር «ባሕር»ን በትክክል መጻፍ ብዙ ነገር አይጠይቅም። መድረኩ በስታቲስቲክስ ገጹ ተመልካቾች በየትኛው ቃል ፈልገው እንደመጡ ስለሚያሳይ፣ የሚጠራጠር ሰው የራሱን ቻናል አይቶ ሊወስን ይችላል።

ወቅትና ሰዓት

የጢስ ዓባይ ቪዲዮ የሚታየው ውሃው ሲሞላ፣ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲቀረጽ ነው። በበጋ፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫው ሲጠለፍ ፏፏቴው ይቀንሳል። የነሐሴን ቀረጻ በሚያዝያ «ዛሬ» ብሎ የለቀቀ ቻናል፣ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሄዶ ቀጭን ውሃ ያየ ጎብኚ በኮሜንት ይጠብቀዋል። ወሩን በርእስ ላይ መጻፍ ቀላል መፍትሔ ነው። «አዲሱ የዓባይ ድልድይ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ አዲስ ነበር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ርእስ ምን ይላል? 380 ሜትር ርዝመቱ ግን አይለወጥም፤ የሚፈልግም ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጥምቀትን የመሰለ በዓል የሚፈለገው ከዋዜማው ጀምሮ ስለሆነ የበዓሉን ቪዲዮ ከሳምንት በኋላ መልቀቅ ትርፍ የለውም። ውጭ አገር ላሉ ወገኖች ሲባል ብዙዎች ከምሽቱ 2 ሰዓት ይመርጣሉ፤ ዋሽንግተን ላይ ያን ጊዜ ቀትር ወይም ከቀትር አንድ ሰዓት ያለፈ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚስማማ የለም።

ቲክቶክና ቴሌግራም

አጭር ቪዲዮ የሐይቁን ዳር ነጋዴ ሁሉ ቀራጭ አድርጎታል። ጀልባ ነጂው ደንበኛ ጭኖ ወደ ዘጌ ሲሄድ ይቀርጻል፣ ዓሣ ቤቱ ቆሮሶ ሲጠብስ ይቀርጻል። ቲክቶክ የተከታይ ብዛትን ቀጥተኛ መመዘኛ እንደማያደርግ በ2020 እ.ኤ.አ. ገልጿል፤ አንድ መቶ ተከታይ ያለው ጀልባ ነጂ ከትልቅ ሆቴል በላይ የሚታይበት ቀን ያለው ለዚህ ነው። ዩቲዩብም ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሾርትስ የሚለውን የራሱን አጭር ቪዲዮ እስከ ሦስት ደቂቃ አድርሶታል። ብልሆቹ በአጭሩ አስጀምረው ወደ ረጅሙ ይመራሉ።

ቴሌግራም ሌላ ጠባይ አለው። እስከ 2 ጊጋ ባይት ፋይል ስለሚቀበል ሙሉውን ቪዲዮ እዚያ መልቀቅ ይቻላል፤ ከተለቀቀ በኋላ ግን ዩቲዩብ ላይ የሚያየው ሰው ይቀንሳል። የለመደ ቻናል 40 ሰከንድ ቆርጦ ከሊንኩ ጋር ይልካል።

ገንዘብና የሐሰት ቪው

ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረጅም ቪዲዮ በኩል ከዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ያስፈልጋል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 ከመቶ፣ ከሾርትስ ድርሻ 45 ከመቶ ለባለ ቻናሉ ነው። ሺህ ሰው ለመሙላት «ሰብስክራይብ አድርገኝ፣ አደርግሃለሁ» መባባል በከተማዋ ወጣቶች መካከል ተለምዷል፤ ቪው የሚሸጡም አሉ። ሁለቱም በደንቡ የተከለከሉ ናቸው። ከክልከላው ይልቅ የሚጎዳው ግን ውጤቱ ነው፤ በውለታ ሰብስክራይብ ያደረገ ሰው ቪዲዮውን አይከፍተውም፣ መድረኩም ይህን «የራሱ ቤተሰብ እንኳ አይፈልገውም» ብሎ ያነበዋል።

መቋረጥ

ኢንተርኔት በሰኔ 2011 ዓ.ም. ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ሥራው ዋይፋይ ወዳለባቸው ሆቴሎችና ቢሮዎች ተሰደደ፤ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ቪዲዮ መጫን ተለመደ። በየሳምንቱ መልቀቅ የሚባለው ምክር ለእንዲህ ዓይነት አገር አልተጻፈም።

ፈቃድ

ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ዘፈን ከቀረጻ ሥር ማስገባትን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል፤ በዩቲዩብ በኩል በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ይዘጋል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ተከታይ ማብዛት ስለዚህ ኃላፊነትም ያበዛል።

በገዳማቱ ሲሆን ከሁሉ የሚቀድመው የአባቶች ፈቃድ ነው፤ ለቪዲዮ ካሜራ ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ቦታዎችም አሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴቶች የተከለከሉ በመሆናቸው፣ ሴት ቀራጮች የሚያነሱት ከጀልባ ላይ ሆነው ነው። ርእሳቸው ላይ «ከሐይቁ ላይ ሲታይ» ብለው የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ኮሜንት «እንዴት ገባሽ?» ይሆናል።