ዲስፕሌስመንት ምንድን ነው? ሞዴል የጦር መርከብ መሥራት ለሚጀምሩ

በሪሞት የሚነዳ ሞዴል የጦር መርከብ ሠርቶ በሐይቅ ላይ ለመዝናናት የሚያስብ ሰው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ቀለሙ ይጠይቃል እንጂ ስለ ዲስፕሌስመንት አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ይመስለዋልና። ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ ቃሉን «መርከቡ ሊሸከም የሚችለው ጭነት» ብሎ ሲፈታው አነበብሁ። በዚያም አላበቃም፤ የአንዲት ትልቅ የጦር መርከብ ዲስፕሌስመንት የሆነውን 50,000 ቶን በስኬሉ (ሞዴሉ ከእውነተኛው መርከብ ስንት እጥፍ እንደሚያንስ በሚገልጸው ቁጥር) ማለትም ለ200 አካፍሎ 250 ቶን ሲያገኝ፣ ቁጥሩ ለሞዴል ሠሪ ምንም እንደማይረባ ደመደመ። የመጀመሪያው ስሕተት የተለመደ ስለሆነ ይታለፍ ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ጀማሪውን ከሁሉ የሚጠቅመውን ቁጥር ስለሚያስጥለው ዝም ማለት አልቻልሁም።

ዲስፕሌስመንት የመርከቡ የራሱ ክብደት ነው፤ ብረቱ፣ ነዳጁ፣ ጥይቱና ሠራተኛው ሁሉ ተደምሮ። ተንሳፋፊ ነገር የሚገፋው ውሃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ስለሆነ፣ መርከቡን በሚዛን ላይ ማውጣት ሳያስፈልግ የገፋውን ውሃ ማስላት ይበቃል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። «መፈናቀል» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ቃል በእኛ ጆሮ ቤቱን ጥሎ የሄደ ሰውን ስለሚያስታውስ እኔ የውጭውን ቃል እመርጣለሁ።

ውሃን እንደ አበዳሪ ብናየው ነገሩ ይቀላል። አበዳሪው የብድሩን ጣሪያ የሚወስነው የመርከቡን ቀፎ ስፋትና ጥልቀት አይቶ ነው፤ ከጣሪያው በላይ የተበደረ ይሰጥማል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ይህ አበዳሪ ከጣሪያው በታች መበደርንም አለመውደዱ ነው፤ የተፈቀደልህን ክብደት ካልወሰድህ መርከቡ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ እንደ ቡሽ ይንገዋለላል፣ መርከቡን የሚገፋው ተሽከርካሪ ፕሮፔለርም ውሃውን በደንብ ሳይዝ አረፋ ያስነሣል። የጀማሪ ሞዴሎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ መክበድ ሳይሆን መቅለል የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። ስኬሉ 1፡200 ነው ሲባል የሚያንሰው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ ስፋቱም ጥልቀቱም በ200 እጥፍ ያንሳሉ። ክብደትም የሦስቱም ውጤት ስለሆነ የሚካፈለው ለ200 ሳይሆን 200 ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ለሚገኘው 8,000,000 ነው። 251 ሜትር ርዝመት የነበራት የጀርመን የጦር መርከብ ቢስማርክ ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ ወደ 50,000 ቶን ትመዝን ነበር፤ በ1፡200 ርዝመቷ 1.25 ሜትር፣ ክብደቷም 6.25 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለሞዴል ሠሪ የማይረባ የተባለው ቁጥር፣ ሞተሩም ባትሪውም ቀፎውም ተደምረው ስንት መመዘን እንዳለባቸው ገና እንጨት ሳይቆረጥ ነገረን ማለት ነው።

የመርከቡ ዓይነትም ብዙ ይለውጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉት የአሜሪካ የፍሌቸር ዓይነት ዲስትሮየሮች (ፈጣንና ቀጭን የጦር መርከቦች) ወደ 115 ሜትር የሚረዝሙና ሙሉ ጭነታቸው ወደ 2,500 ቶን የሚደርስ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን በ1፡96 ብትሠራው ርዝመቱ 1.2 ሜትር ያህል ሆኖ ከቢስማርኳ ሞዴል ጋር ይቀራረባል፤ ክብደቱ ግን 2.8 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ለቢስማርክ እንደ ማክበጃ የሚያገለግለው የእርሳስ ባትሪ ለዲስትሮየሩ ሸክም ይሆንበታል። ለመጀመሪያ ሥራ ሰፋ ያለ መርከብ እንዲመረጥ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ቀጭን መርከብ ለዓይን ቢያምርም ስሕተትን አይምርም።

ቁጥሩን ከመጽሐፍ ስትወስድ የትኛው ዲስፕሌስመንት እንደሆነ አረጋግጥ። በ1922 የተፈረመው የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ስምምነት አገሮች መርከቦቻቸውን በአንድ መለኪያ እንዲያወዳድሩ «ስታንዳርድ» የሚባል ዲስፕሌስመንት ደንግጎ ነበር፤ በእርሱ ውስጥ ነዳጅና የቦይለር (የእንፋሎት ማፍያ) መጠባበቂያ ውሃ አይቆጠሩም። የቢስማርክ ስታንዳርድ 41,700 ቶን ስለነበር በእርሱ የሠራ ሰው ሞዴሉን አንድ ኪሎ ግራም ያህል አቅልሎ፣ የውሃ መስመሩን (ውሃው በቀፎው ላይ ሊደርስበት የሚገባውን ምልክት) ከውሃው ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

ማረጋገጫው የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ባዶውን ቀፎ ከነሞተሩ ገንዳው ውስጥ አስቀምጥና በትንንሽ ከረጢት የታሰሩ የእርሳስ ፍሬዎችን እያዘዋወርህ ጨምር። አፍንጫው ከደፋ አንዱን ከረጢት ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ካዘነበለ ወደ ቀኝ ትገፋለህ፤ ውሃው በመጻፊያ እርሳስ ካሰመርኸው የውሃ መስመር ጋር እኩል ሲሆን ሁሉንም አውጥተህ በወጥ ቤት ሚዛን ትመዝናለህ። የተሰላው ክብደት ሞልቶ መስመሩ አሁንም ከውሃው በላይ ከቀረ ስሌቱን አትጠርጥር፤ ቀፎህ ከስኬሉ ወፍሯል።

የብድሩን ምሳሌ ትንሽ ልግፋበት። አበዳሪው ስንት እንደወሰድህ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የት እንዳዋልኸው ይጠይቃል። ግርጌ ላይ የዋለ ክብደት መርከቡን ቀጥ ያደርገዋል፤ በመድፍ ማማና በምሰሶ ላይ የዋለ ደግሞ ይገለብጠዋል። በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ የሰጠመችው የስዊድን መርከብ ቫሳ የተገለበጠችው ክብደቷ ወደ ላይ ስለበዛ ነበር። በሞዴል ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ነፋሱ ከሞዴሉ ጋር አብሮ አያንስምና። በአንድ ዓይነት ነፋስ ፊት የማጋደል አቅሙ (ኃይሉ ከሚገፋበት ከፍታ ጋር ተባዝቶ) ስኬሉ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ በተባዛው ልክ ሲያንስ፣ መርከቡን የማቃናት አቅሙ ግን አራት ጊዜ በተባዛው ልክ ያንሳል፤ ስለዚህ ከወለል በላይ ያለውን ሁሉ ከቀጭን እንጨት ወይም ከፕላስቲክ ሥራው። ወደ ውስጥ የገባ ጥቂት ውሃም ባዘነበለበት በኩል ስለሚፈስስ ከክብደቱ በላይ ይጎዳል።

የቀረው የባሕርና የሐይቅ ውሃ ልዩነት ነው፤ ብዙዎች ያጋንኑታል። የባሕር ውሃ ከጨው አልባ ውሃ 2.5 በመቶ ገደማ ስለሚከብድ የ6.25 ኪሎዋ ቢስማርክ በሐይቅ ላይ ከባሕሩ ይበልጥ የምትጠልቀው በ1 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህም የመስመሩን ቀለም ስትቀባ ብሩሽህ ከሚስተው አይበልጥም።