«ስጠራው አይመጣም፤ ንቆኝ ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ውሻ አሰለጥናለሁ። ስልክ ሳነሳ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። «ስጠራው አይመጣም። ንቆኛል። እስቲ ትንሽ ፍርሃት አስገባልኝ።» እሱን አቆዩልኝና ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

«የሐበሻ ውሻ አይማርም።» ይማራል። የሰፈራችሁ ውሻ ሥጋ ቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማን አስተማረው?

«ካረጀ አለቀለት።» አላለቀለትም። ያረጀ ውሻ ካልመጣ ግን መጀመሪያ መስማቱን አረጋግጡ።

«ስሙን ያውቃል እኮ!» ስሙን ሲሰማ ዞሮ ያያችኋል፣ በቃ። መምጣት ለብቻው የሚማረው ነገር ነው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ በከንቱ «ቡቺ፣ ቡቺ፣ ቡቺ» የሚባል ውሻ መዞሩንም ይተወዋል። አንዴ ጥሩት። ካልመጣ ሄዳችሁ አምጡት።

አሁን ወደ ዱላው። «ንቆኝ ነው፣ ካልተመታ አይገባውም።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ውሻ የደረሰበትን ነገር የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ጋር ነው። መኪና ሲገባ በጊቢው በር ሾለከ እንበል። ሰፈሩን ዞረ። በመጨረሻ «ና!» ሲባል መጣ፤ እንደ መጣ ተገረፈ። የተማረው አለመሾለክን አይደለም። መምጣት እንደሚያስገርፍ ነው። በሚቀጥለው ቀን ሦስት ሜትር ርቆ ሲቆም «ናቀኝ» ይባላል።

ሳሪስ አካባቢ አንድ ጋሼ አሉ። ውሻቸውን ሲጠሩት ሆዱን መሬት እያስነካ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ከቶ እየተሳበ ይመጣል። «አየኸው አንተ ልጅ? ጥፋቱን ያውቃል!» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱ የሚያውቀው ነጠላ ጫማዎን ነው» አልኳቸው። አልሳቁም።

ይሄ «ጥፋቱን ያውቃል» የሚባለው ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ14 ውሾች ላይ የሠራችውን ጥናት አሳተመች። ባለቤቱ ምግቡን እንዳትነካ ብሎ ይወጣል። ሲመለስ በላ ወይም አልበላም ይባላል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት ያሳዩት ሲቆጧቸው ነው፣ ይብሉም አይብሉም። እንዲያውም ሳይበሉ ቁጣ የደረሰባቸው ባሰባቸው።

ዱላ የሌለበት ቤትም ሁሌ ደህና አይደለም። ማታ ተፈቶ ያደረ ውሻ ጠዋት «ና» ሲባል የሚጠብቀው ሰንሰለት ከሆነ ለምን ይመጣል? እኔም ብሆን አልመጣም። ጥሩት፣ ቁራሽ ስጡት፣ መልሳችሁ ልቀቁት። ይሄን በቀን ብዙ ጊዜ አድርጉት፤ የምታስሩት አንዴ ብቻ ይሁን። መርፌና ገላ ማጠብ ሲሆን ደግሞ አትጥሩት፤ እናንተ ሂዱበት።

ለጋሼ ውሻ «ና» የሚለው ቃል ተበላሽቶ ስለነበር ጣልነው። በምትኩ «እንካ» አልን። ከሥጋ ቤት ሳንባ ተገዝቶ ተቀቀለ፣ በጥፍር ልክ ተቆረጠ። (በደንብ ይቀቀል። ጥሬ ሳንባ ውስጥ የሚኖር የትል እጭ በውሻው በኩል ለሰው ይተርፋል።) ከሁለት እርምጃ ጀመርን። ሲለምድ አሥር ሜትር ገመድ አስረንለት ጊቢው ውስጥ፣ ከዚያ በሩ ተከፍቶ። ገመዱ ለመጎተት አይደለም፣ ሾልኮ እንዳያመልጥ ነው። ነጠላ ጫማው እግር ላይ ብቻ እንዲውል ተስማማን። አሁን ውሻው ሲጠራ እየሮጠ ይመጣል። ጋሼ ግን ዛሬም «በፊትም ይፈራኝ ነበር» ይላሉ።

«ካመለጠ ዘበኛው ያባርረዋል።» ባባረረው ቁጥር ይርቃል። በተቃራኒው ሩጡ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ብዙ ውሻ ተከትሎ ይመጣል።

«ምግብማ ጉቦ ነው።» ሥጋውን እያሳያችሁ ከጠራችሁት አዎ፣ ጉቦ ነው። ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ከደረሰ በኋላ ይውጣ። ጠንቅቆ ሲለምድ አንዳንዴ ስጡት፣ አንዳንዴ በማሻሸት እለፉት። ከወጥ የተረፈውን ግን ተዉት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።