ኬተ ኮልቪትስ፦ ከ«ሐዘንተኛዋ እናት» ጀርባ ያለችው ሠዓሊ

ጀርመናዊቷን ኬተ ኮልቪትስን (1867–1945) ብዙ ሰው የሚያውቃት በአንድ ምስል ነው፤ የሞተ ልጇን ባቀፈች እናት፣ ወይም «ዳግም ጦርነት አይኑር» ብሎ ክንዱን ወደ ላይ በዘረጋው የ1924ቱ ፖስተር ወጣት። በዚያ አንድ ምስል የተነሳ አንዱ ቅድስት ያደርጋታል፣ ሌላው የፓርቲ ታጋይ፣ ሌላው አልቃሽ። እኔ የምወዳት ከሦስቱም ውጭ ስለሆነች ነው። ከዚህ በታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ርዕሶች ስለ እሷ የሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው፤ ከሥራቸው መልሴ አለ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ድሆችን የሳለችው አዝናላቸው ነው»

ይህን ራሷ አስተባብላዋለች። ሠራተኞችን መሳል የጀመረችው ውብ ሆነው ስለታዩዋት እንደሆነ፣ የባለጸጎቹ ኑሮ ግን ለዓይኗ ምንም እንዳልማረካት ጽፋለች። ያደገችው በወደብ ከተማዋ በኮኒግስበርግ፣ በዛሬዋ የሩስያ ካሊኒንግራድ ነው፤ እዚያ ጭነት የሚሸከሙትን ሰዎች ጉልበትና አካሄድ ስታይ ትውል ነበር። ርኅራኄ መጀመሪያ ላይ እምብዛም ድርሻ አልነበረውም።

ችግራቸውን በቅርብ ያወቀችው በ1891 ሐኪሙን ካርል ኮልቪትስን አግብታ በርሊን ከገባች በኋላ ነው። ካርል ፕሬንዝላወር ቤርግ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር የጤና መድን ያላቸውን ሕሙማን ያክም ነበር። እሱ ዘንድ የመጡ ሴቶች ወደ እሷም ጎራ እያሉ የልባቸውን ያወሯታል። ሥራ ማጣት፣ የባል ስካር፣ የልጅ ረሃብ ሥራዎቿ ውስጥ የገቡት በዚህ በር ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አዝኖ የሚስል ሰው የሚስለውን ከላይ ሆኖ ያያል። በ1844 ሲሌዢያ ውስጥ ስለተነሳው ዐመፅ በሠራቻቸው ተከታታይ ሥዕሎች፣ በ«የሸማኔዎች ዐመፅ» ላይ ግን ምጽዋት የሚለምን የለም፤ ሴቶቹ የመንገዱን ድንጋይ እየፈነቀሉ ያቀብላሉ፣ ወንዶቹ የአሠሪያቸውን በር ይደበድባሉ።

«ራሷም ከድሃ ቤት የወጣች ናት»

አይደለም። አባቷ ሕግ የተማረ፣ በኋላ ግንበኛ የሆነ ሰው ነው፤ ተሰጥኦዋን ቀድሞ አይቶ ያስተማራትም እሱ ነው። እንቅፋት የሆነባት ሴትነቷ ነበር። የሥነ ጥበብ አካዳሚዎቹ ሴት ስለማይቀበሉ በርሊንና ሙኒክ በሚገኙ የሴቶች የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተማረች።

«በቀለም መሥራት ስላልሆነላት ወደ ኅትመት ዞረች»

ኅትመት ማለት እዚህ ሥዕልን በብረት፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ሠርቶ በወረቀት ማተም ነው። ሙኒክ ውስጥ ቅብ ተምራለች። ሐሳቧን ያስቀየራት ማክስ ክሊንገር የተባለው ሠዓሊ የጻፈው ነው፤ የሕይወትን ጨለማ ገጽታ ለማሳየት ጥቁርና ነጭ ይሻላል ይላል። ደግሞም አንድ ኅትመት በብዙ ቅጂ ይወጣል፣ በርካሽ ይሸጣል። ለማን እንደምትሠራ ለምታውቅ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምራ ጦርነትን ትቃወም ነበር»

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ትንሹ ልጇ ፔተር በፈቃዱ ሊዘምት ተነሳ። ዕድሜው 18 ስለነበር የአባት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ካርል እምቢ አለ። ባሏን ለምና ያስፈቀደችለት ኬተ ናት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፔተር ቤልጂየም ውስጥ፣ ዲክስሙይደ አጠገብ ተገደለ።

ሐሳቧም በአንድ ሌሊት አልተገለበጠም። የልጇን መሥዋዕትነት ከንቱ ነው ማለት እሱን መክዳት መስሎ ስለታያት፣ ከራሷ ጋር ለዓመታት ስትሟገት በማስታወሻዎቿ ይነበባል። በአደባባይ የተናገረችው በ1918 መጨረሻ ነው። ገጣሚው ሪቻርድ ዴህመል ተጨማሪ ዘማቾች ይውጡ ብሎ ሲጠራ፣ «ፎርቬርትስ» ጋዜጣ ላይ መለሰችለት፤ የዘጋችውም ከታላቁ ጀርመናዊ ደራሲ ከጎተ በወሰደችው ቃል፣ «ለዘር የተቀመጠ እህል አይፈጭም» ብላ ነው።

ለፔተር መታሰቢያ የጀመረችውን ሐውልት አፍርሳ ትታው፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሳበት፣ የተተከለው በ1932 ነው፤ ከሞቱ 18 ዓመት በኋላ። የልጁ ምስል የለበትም። አባትና እናት ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሐዘን ተንበርክከዋል። ዛሬ የሚገኘው ቭላድስሎ በተባለው የቤልጂየም መካነ መቃብር ነው። ያንኑ የጎተ ቃል በ1942 የመጨረሻ ለሆነው የሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተም ሥዕል) ሥራዋ ርዕስ አደረገችው፤ አንዲት እናት ልጆቿን በክንዷ ሥር ሸሽጋ ይዛለች። በዚያው ዓመት፣ በአጎቱ ስም ፔተር ተብሎ የተጠራው የልጅ ልጇ ሩስያ ግንባር ላይ ሞተ። ይህች ሴት ጦርነትን የጠላችው በዋጋ ነው፤ «ድሮም ሰላም ወዳድ ነበረች» ሲባል ያ ዋጋ ይሰረዛል።

«ኮሙኒስት ነበረች»

የየትኛውም ፓርቲ አባል ሆና አታውቅም። ጥርጣሬውን የፈጠረው በ1919 ለተገደለው ለኮሙኒስቱ መሪ ለካርል ሊብክኔሽት የሠራችው የእንጨት ኅትመት ነው። ቤተሰቡ ጠይቋት አስከሬኑን ሳለች፤ መንገዱን ባትከተልም ሠራተኞቹ እሱን ሲሰናበቱ ያየችውን የመሳል መብት እንዳላት በማስታወሻዋ ጽፋለች። ሥዕሉን ብታዩት ሟቹ የተቀመጠው ከታች ነው፤ ቦታውን የያዙት አልቃሾቹ ናቸው።

«በሕይወት ሳለች አልታወቀችም»

በጣም ታውቃ ነበር። በ1898 ዳኞች ለ«ሸማኔዎች» ሜዳሊያ ይሰጣት ብለው ንጉሠ ነገሥቱ (ካይዘር) ቪልሄልም 2ኛ ከለከለ፤ በማግስቱ ዓመት ድሬስደን ሸለማት። በ1919 ለፕሩስያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባልነት ተመረጠች። ናዚዎች በ1933 ከዚያው አካዳሚ አስወጧት፤ በ1936 ምስጢራዊ ፖሊሳቸው ጌስታፖ መርምሮ በማጎሪያ ካምፕ አስፈራራት። ቢሆንም ከአገሯ አልወጣችም። የሞተችው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው።

«የበርሊኑ ሐውልት የጦርነት ሰለባዎች መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ነው»

በርሊን ኖየ ቫኸ በተባለው የመታሰቢያ ሕንፃ ውስጥ ያለችው፣ የሞተ ልጇን ያቀፈችው እናት ከ1993 ወዲህ የአገሪቱ የጦርነትና የጭቆና ሰለባዎች መታሰቢያ ናት። ኬተ ግን በ1937 የጀመረችው በክንድ የሚታቀፍ ትንሽ ቅርጽ ነበር፤ ልጇን እያሰበች የሠራችው፣ ለቤት የሚሆን። አራት እጥፍ ያህል ያሳደጉት ሌሎች ናቸው። ወንድ ልጇን ያቀፈች እናት የተገደሉትን አይሁድና የተገደሉትን ሴቶች ልትወክል አትችልም የሚል ብርቱ ተቃውሞ ያኔ ተነስቶ ነበር፤ ተቃውሞው ትክክል ይመስለኛል። ትንሿን ቅርጽ ኮሎኝ ባለው የኮልቪትስ ሙዚየም ማየት ይቻላል፤ ጀርመን ያላችሁ መጀመሪያ እሷን እዩ።